ግድግዳ የምታንኳኩ፣ ስሙኝማ

ስለ ፕላስቲክ ጡብ ስነግርህ «ቆሻሻ ላይ አልራመድም» አልከኝ፣ ወንድሜ። ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ላይ ስትራመድ ኖርክ? ዝናብ ጥሎ ባደረ ጠዋት ናይሮቢ፣ ኢስሊ ላይ ጎዳናውን ተሻግረህ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ የረገጥከው የሻምፖ ጠርሙስና የጄሪካን ክዳን አይደለም? ያኛው ቆሻሻ ቦዩን ደፍኖ ጎርፉን ደጅህ ያደርስልሃል። ይኼኛው ተለቅሞ፣ ተፈጭቶ፣ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶና ተጨምቆ የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ሆኗል። ሁለቱንም መርገጥህ ካልቀረ፣ የሚያሰምጥህን ትተህ የሚያሻግርህን ምረጥ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ናይሮቢ ውስጥ ጄንጌ ሜከርስ የሚባል ድርጅት አለ። የመሠረተችው ንዛምቢ ማቴ የምትባል ኬንያዊት ናት። በነዳጁ ዘርፍ ስትሠራ ቆይታ በ2017 ሥራዋን ለቀቀችና በእናቷ ጓሮ ፕላስቲክና አሸዋ ማዋሃድ ጀመረች። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ጎረቤት በማሽኗ ጩኸት ሲማረር አንድ ዓመት ታገሱኝ ብላ ለመነች። በ2020 ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ጊጊሪ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ከዓለም መርጦ ከሸለማቸው ወጣቶች አንዷ ሆነች። ጎረቤቶቿ ታግሰው ውለታ ዋሉላት። እኛ ደግሞ አንድ ቡና እስክንጨርስ እንኳ አልታገስናትም።

«ሲሚንቶ የሌለውን ነገር ምን ያያይዘዋል?» ብለው የጠየቁኝ ጋሼ፣ የእርስዎ ጥያቄ የባለሙያ ጥያቄ ነውና በወጉ ልመልስ። የሚያያይዘው ራሱ ፕላስቲኩ ነው። ሁሉም ፕላስቲክ ግን አይሆንም። የሻምፖና የወተት ጠርሙስ የሚሠራበት ጠንካራው፣ የእህልና የዳቦ ማሸጊያው ስሱ፣ የባልዲውና የገመዱ፣ እነዚህ ይሆናሉ። እኛ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ኮዳ አይገባበትም፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ከእነዚህ በጣም ይበልጣል። የተለየው ፕላስቲክ ይፈጫል፣ ከአሸዋ ጋር ይደባለቃል፣ በኃይለኛ ሙቀት እስኪላቁጥ ይታሻል፣ ከዚያ ትኩስ ሊጡ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይገባና በፕሬስ ይጨመቃል። ሲቀዘቅዝ ሸክሙን አሸዋው ይቀበላል፣ ፕላስቲኩ አፍኖ ይይዘዋል። ማቴ በ2021 መጀመሪያ ለጋዜጠኞች ስታስረዳ አንዱን ጡብ አንስታ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተነጠፈው መንገድ ላይ በኃይል ወርውራዋለች። ከኮንክሪት ከ5 እስከ 7 እጥፍ ይጠነክራል የምትለውም እሷው ናት። ያን ጊዜ አንዱ ካሬ ሜትር በ850 የኬንያ ሽልንግ ይሸጥ ነበር።

እርስዎ ግን ከቃሏም ከውርወራዋም ይለፉና «የላቦራቶሪ ወረቀቱ የታለ?» ይበሉ። ይኼ ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። የሚያስቀይመው ሳይጠይቁ መሳቅ ነው።

«ኬንያ ፌስታል ከልክላ የለም እንዴ? ፕላስቲኩ ከየት ይመጣል?» ያልሽኝ እህቴ፣ የተከለከለው ፌስታል ነው። ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮ ፌስታል አምርቶ የተገኘ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ መቀጮ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ባልዲውን ማን ከለከለ? ጄሪካኑንስ? ዳንዶራ ሂጂና እዪው። ከ1975 ጀምሮ የናይሮቢ ቆሻሻ የሚደፋበት ያ ሜዳ በ2001 ሞልቷል ተባለ፤ ከዚያም ወዲህ መደፋቱ አልቆመም። ጥሬ ዕቃ አይጠፋም፣ እህቴ። የሚጠፋው የሚለየው እጅና ለዚያ እጅ የሚከፍል ሰው ነው።

«ቢቃጠልስ?» ይኼን የጠየቀኝን ግን አቅፌ ልስመው። ፕላስቲክ ይቃጠላል፤ ሲቃጠልም ጭሱ ይገድላል። ውጭ መሬት ላይ የተነጠፈ ጡብ አንድ ነገር ነው፣ ልጅ የሚተኛበት ክፍል ግድግዳ ሌላ ነው። ስለዚህ ንጣፉን እደግፋለሁ፤ በዚሁ ቁስ ቤት ልሥራልህ ለሚለኝ ግን የእሳት ፈተናውን ውጤት ሳላይ እሺ አልልም። ዓመት ከዓመት ሲረገጥ እየተፋቀ የሚወጣው ብናኝ ወዴት እንደሚሄድም መለካት አለበት። አዲስን ነገር መውደድ ማለት እንዲህ ማገላበጥ ነው፤ ያልተገላበጠ ያራል።

አሁን ወደ አንኳኪዎቹ ልምጣ። ናይሮቢ አዲስ አፓርታማ ሊያይ የሄደ ሐበሻ የመጀመሪያ ሥራው ግድግዳውን በጣቱ አጥንት መምታት ነው። ጠንከር ያለ ድምፅ ከሰማ «ድንጋይ ነው» ብሎ ፊቱ ይበራል፤ ድምፁ ከላላበት ፊቱ ይጠቁራል። «አረፋ ነው! ለአረፋ ነው ይኼን ሁሉ ሚሊዮን የምከፍለው?»

እሺ፣ አንኳኳህ። ምን ሰማህ? ውስጡ ቀላል መሆኑን ሰማህ። ይጠንክር አይጠንክር ግን ጆሮህ አልነገረህም። ይኼ አረፋ የምትለው ቁስ ቴሌቪዥን ተጠቅልሎ የሚመጣበት ዓይነት ነጭ ፎም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አልቆመም። በግራና በቀኙ የብረት ሽቦ መረብ አለው፤ ሁለቱን መረቦች ፎሙን ሰንጥቀው የሚያልፉ ሽቦዎች አያይዘዋቸዋል። ከዚያ በሁለቱም በኩል የሲሚንቶ ልስን ይረጭበታል። ሸክም የሚችለው ልስኑና መረቡ ነው፤ ፎሙ ሁለቱን አራርቆ ይይዛል፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ይከላከላል። የኬንያ ብሔራዊ የቤቶች ኮርፖሬሽን ይኼን ፓነል የሚያመርት ፋብሪካ ማቮኮ ላይ ተክሏል፤ ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ ሲኬድ ብዙም ሳይርቅ ማለት ነው።

«ድንጋይ እያለ?» አልከኝ። ድንጋዩን አልነቅፍም። ከጁጃና ከንዳሩጉ እየተጠረበ የሚመጣው ድንጋይ ይቺን ከተማ ሠርቷታል፣ እድሜ ይስጠው። ግን ድንጋይ ይከብዳል፣ ናይሮቢ ደግሞ መሬቷ አንድ ዓይነት አይደለም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካረን፣ ቀይ አፈር ነው። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤምባካሲና ምሎሎንጎ፣ መረሬ ነው። የመረሬን ጠባይ የቦሌና የገርጂ ልጅ ሆነህ እኔ ላስተምርህ? ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተጫነበትን እያነሳ ይጥላል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የቀለለ ግድግዳ ለመሠረቱ እፎይታ ነው፤ በጥንቃቄ የሚሠራ መሠረት ግን አይቀርለትም።

ስለዚህ ማንኳኳቱን ተውና ሥራው ሳያልቅ ሂድ። ልስኑ ከመረጨቱ በፊት ድረስ። ማዕዘን ላይ መረቡ ተደርቦ ታስሯል ወይስ ዝም ብሎ ተገናኝቷል? መስኮትና በር ዙሪያ ተጨማሪ መረብ አለ? ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቱቦ ሲዘረጋ ፎሙን በሞቀ አየር እያቀለጠ ቦይ ያወጣል፤ ያ ቦይ በልስን በደንብ ተሸፍኗል ወይስ ባዶውን ቀርቷል? ጥሬው ፎም እሳት ያገኘው ቀን የሚጠብቅህ ያ ልስን ብቻ ነው። ከአንድ ጥግ ልስን ሰርቆ የወጣ ሰው እሳት የሚገባበት በር ከፍቶልሃል።

እትዬ ደግሞ «ሥዕል መስቀያ ምስማር አይዝም» ብለው አማረሩ። እትዬ፣ ለዚህ ግድግዳ የሚሆን መያዣ አለ፤ ሃርድዌር ሱቅ ይጠይቁ። ቁም ሣጥንና የውሃ ማሞቂያ የሚሰቀልበትን ቦታ ግን ከልስኑ በፊት ለፉንዲው፣ ለግንበኛው፣ ያሳዩት፤ እዚያ ላይ መደገፊያ ይገባል።

«እኔ አዲስ ነገር አላምንም። ሲሚንቶና ፌሮ፣ አለቀ!» ያልከኝ ኮንትራክተር፣ ና እንተያይ። ሁሩማ የወደቀው ሕንፃ በምን ተሠርቶ ነበር? በፕላስቲክ? በአረፋ? በማሽን ታትሞ? በሲሚንቶና በፌሮ ነበር። ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ማታ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ባለ 6 ፎቁ ሕንፃ ከነነዋሪው ተደረመሰ። ወደ 50 ሰው አለቀ። አንዲት ሕፃን ከ3 ቀን በላይ ፍርስራሽ ሥር ቆይታ በሕይወት ወጣች። ሕንፃው ወንዝ ዳር ነበር፤ ለሰው መኖሪያ አይሆንም ተብሎ እንዲፈርስ አስቀድሞ ተለይቶም ነበር። ምልክት ተደርጎበት ኪራይ ይሰበሰብበት ነበር።

ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 ደግሞ ከንጎንግ መንገድ ገባ ብሎ ንጋንዶ ሰፈር ያለ ፕሬሽስ ታለንት አካዳሚ የተባለ ትምህርት ቤት፣ ጠዋት ክፍል በገቡ ልጆች ላይ ወደቀ። ቢያንስ 7 ልጆች ሞቱ። እንጨትና ቆርቆሮ ላይ የኮንክሪት ወለል ተጭኖ ከላይም ከታችም ተማሪ ተቀምጦበት ነበር። እንጨቱ ከጥንት የነበረ ነው። ቆርቆሮው የአያቶቻችን ነው። ኮንክሪቱ አንተ የምትምልበት ነው። የትኛው አዲስ ቁስ ነው እነዚህን ልጆች የገደላቸው? መልስልኝ።

ዝም አልክ። እንግዲያስ እኔ ልናገር። ቁስ አይሰርቅም። ማታ ከሳይት ሲሚንቶ ጭኖ የሚወጣው ሰው ነው የሚሰርቀው። ለ3 ፎቅ በተቆፈረ መሠረት 6 ፎቅ የሚጭነው ሰው ነው። ጭቃ ያለበትን አሸዋ ሳያሳጥብ የሚያስገባው ነው። ደግሞ አንድ ሌላ ሌባ አለ፣ ሌባ መሆኑን እንኳ የማያውቅ፦ «ውሃ ጨምርበት!» እያለ የሚጮኸው ፎርማን። አዲስ አበባም ሰምቼዋለሁ፣ ናይሮቢም «ማጂ! ማጂ!» ሲል ሰምቼዋለሁ። ኮንክሪቱ ሲቀጥን ለባሬላ ይመቻል፣ ካሳፎርማው ውስጥ ቶሎ ይፈስሳል፣ የቀን ሠራተኛው ወገቡ ያርፋል። ግን ሲሚንቶው ከሚፈልገው በላይ የገባው ውሃ ቆይቶ ሲተን ቦታው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በዓይን አይታይም። ከላይ ልስን፣ ከልስኑ ላይ ቀለም፣ ከቀለሙ ላይ «የሚከራይ» የሚል ጽሑፍ ይመጣበታል።

ይኼን የሚያጋልጥ ነገር አለ፤ ርካሽ ነው፣ እድሜውም ከሁላችንም ይበልጣል። የኪዩብ ፈተና ይባላል። ምሰሶው ወይም ሶሌታው በሚሞላበት ሰዓት ከዚያው ኮንክሪት ላይ ይቀዳና ጎኑ ሁሉ 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ የብረት ሣጥን ውስጥ በድርብ በድርብ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ቀን ይጻፍበታል፣ የትኛው ምሰሶ እንደሆነ ይጻፍበታል። በማግስቱ ከሣጥኑ ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ጥቂቶቹ በ7ኛው ቀን፣ ሌሎቹ በ28ኛው ቀን ማሽን ሥር ገብተው እስኪፈነዱ ይጨመቃሉ። የፈነዱበት ቁጥር ይመዘገባል። ያ ቁጥር ዘመድ አያውቅም፣ ጉቦ አይበላም። የሚበላው ሣጥኑን ከሌላ ጥሩ ኮንክሪት ሞልቶ የሚልከው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሲሞላ ቁም። ቤቱ የአንተ ነው፣ ፀሐዩን ቻለው።

ሌላም አለ፣ ኮንትራክተር። የምትምልበት ሲሚንቶ ራሱ የድሮው አይደለም። እዚህም አገር ቤትም በብዛት የሚሸጠው ፒፒሲ ከስምጥ ሸለቆ የሚወጣ የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ተፈጭቶ የተቀላቀለበት ነው። ሮማውያን ባሕር ውስጥ ወደብ ያቆሙበት ብልሃት እሱ ነው። የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ድንጋዩ ውስጥ የታሰረው ካርቦን ይወጣል፤ አመዱ በገባ ቁጥር የሚቃጠለው ድንጋይ ይቀንሳል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2023 ስለ ግንባታ ቁሶች ባወጣው ሪፖርት ከኃይልና ከምርት ሂደት ጋር ከተያያዘው የዓለም ካርቦን 37 በመቶው ከሕንፃው ዘርፍ እንደሚመጣ ጽፏል። አሁን ደግሞ በስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ባለው የፌዴራል ፖሊቴክኒክ፣ ከኩባና ከሕንድ ባለሙያዎች ጋር የተሠራ ሌላ ሲሚንቶ መጥቷል፤ ግማሹን ክሊንከር (ተቃጥሎ የሚወጣውን የሲሚንቶ ዋና ቁስ) በተተኮሰ ሸክላ አፈርና ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ይተካል፣ ካርቦኑን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ሸክላ አፈር እኛ ጋ ጠፍቶ ያውቃል?

ግን ፒፒሲ አንድ ጠባይ አለው። ጉልበቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ካሳፎርማውን በችኮላ የሚነቅል፣ ውሃ ማጠጣቱን በሦስተኛው ቀን የሚተው ሰው ኮንክሪቱን ገና ሳይጎለምስ ሸክም ያሸክመዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ናይሮቢ ውስጥ በየሳምንቱ አንድ ፎቅ የሚወጣባቸውን ሕንፃዎች ሳይ ዝናቡን እፈራለሁ።

«ኧረ ራሱን የሚያክም ኮንክሪት መጥቷል አሉ!» አለ አንዱ ወጣት ስልኩን እያሳየኝ። እውነት ነው፣ የኔ ወንድም። ሆላንድ፣ ደልፍት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሄንክ ዮንከርስ የሚባሉ ተመራማሪ ባክቴሪያ ከነምግቡ ኮንክሪት ውስጥ አስገብተው ስንጥቁ ውሃ ሲገባበት ባክቴሪያው ነቅቶ ኖራ እየሠራ እንዲደፍነው አድርገዋል። የሚደፍነው ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ስንጥቅ ነው። ሲሚንቶው የተሰረቀበትን ምሰሶ የሚያክም ባክቴሪያ አልተገኘም፣ አይገኝምም።

«አፈር ቤት ደግሞ የድሃ ነው» ያልከኝስ? አንተ ከምን ተሠራህ? ቅድመ አያቶችህ ጭድ አስገብተው፣ አቡክተው፣ አሳድረው የመረጉት ጭቃ አሳድጎሃል። ያለ ሲሚንቶ የተሠራው የፋሲል ግንብ ጎንደር ላይ በኖራ ቆሞ ስንት መቶ ዓመት አለፈው? አዲስ አበባ ሕንፃ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ የኮሌጁ ሰዎች ከስዊዞች ጋር ሆነው ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ሠርተው አሳይተዋል። ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ ማኪጋ የሚባል ድርጅት አፈር በእጅ ጉልበት ጨምቆ እርስ በርሱ የሚገጣጠም ብሎኬት የሚሠራ ማሽን ሲሸጥ ዓመታት አስቆጥሯል። አይተኮስምና እንጨት አይፈጅም። ይገጣጠማልና ብዙ ሞርታር አይጠጣም።

አፈሩ ግን እንደተገኘ አይገባም። የላዩ፣ ሥርና ቅጠል ያለበት፣ ተገፍቶ ከሥር ያለው ይወጣል። ጥቂቱን ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከውሃ ጋር አድርገህ ነቅንቀውና አሳድረው። ጠዋት ሥር የተኛው አሸዋ ነው፣ መሐሉ ደለል፣ የላዩ ሸክላ። ሸክላው ከበዛ ብሎኬቱ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ይፈረፈራል። መረሬ ከሆነ ጭራሽ ተወው። ልኩ ሲገኝ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ይገባበታል፣ ይጨመቃል፣ ጥላ ሥር ተደርድሮ ተሸፍኖ እየተረጠበ ይከርማል። እንግዲህ ይኼን ሁሉ ጣጣ ድሃ ነው የሚሠራው ካልከኝ፣ ድሃው ካንተ ይልቅ መሐንዲስ ነው ማለት ነው።

ወጣቱ አልበረደለትም፤ «ወደፊት ቤት ሁሉ ይታተማል፤ ግንበኛ ቀረ» አለኝ። ኪሊፊ፣ ባሕሩ ዳር፣ 14ትሪስ የሚባለው የሆልሲምና የእንግሊዞች የኢንቨስትመንት ድርጅት ሽርክና ምቩሌ ጋርደንስ ብሎ 52 ቤት አቅዶ የመጀመሪያዎቹን 10 አትሞ ጨርሷል። ማላዊ ሊሎንግዌ ላይም የአንድ ቤት ግድግዳ በ12 ሰዓት አቁሟል። ግድግዳ አልኩህ፣ አስተውል። መሠረቱን ማን ቆፈረው? ጣሪያውን ማን መታው? ቧንቧውን፣ ሽቦውን፣ መስኮቱን? ከሙኩሩና ከኪቤራ ሳይነጋ በእግሩ ተነስቶ ሳይት የሚደርሰው ፉንዲ ነው። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ሲሚንቶ ይቆጥባል፣ ግድግዳ አያጣምም። ግን ያንን ሰውዬ ማሽን ነጂ አድርገህ ካላሠለጠንከው በቀር ከናይሮቢ ሥራ አጥ ሠፈሮች ላይ ሌላ ሠፈር ነው የምትጨምረው። ሙያ ይጨመርለት፤ እንጀራው አይነጠቅ።

አዲስ ቁስ ሲያይ ለሚሰግደውም የምለው አለኝ። እንግሊዞች በአየር አረፋ የቀለለ ኮንክሪት የዘመኑ ብልሃት ነው ብለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ጣሪያ አለበሱበት። በ2018 ኬንት ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ በእረፍት ቀን ወደቀ፤ ልጆች ስላልነበሩ ተረፉ። በ2023 ትምህርት ሊከፈት ሲል ከ100 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ክፍሎቻቸውን ዝጉ ተባሉ። ለንደን ግሬንፌል በሚባለው ፎቅ ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በተነሳ እሳት 72 ሰው ሞተ፤ እሳቱን ወደ ላይ ያሮጠው ለውበትና ለሙቀት የተለበጠው አልሙኒየም መሐሉ ፕላስቲክ ስለነበር ነው። አዲስ አበባ በጅምላ አሉኮቦንድ የምንለውን ሽፋን የለበሰውን ፎቅ ቁጠሩት እስቲ። መሐሉ እሳት የማይበላው ማዕድን ነው ወይስ ፕላስቲክ? ሁለቱም ይሸጣሉ፣ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የሕንፃው ባለቤት ካላወቀ ይጠይቅ፤ ካወቀና ዝም ካለ ተከራዮቹ ይጠይቁት።

ኬንያ የ1968ቱን የግንባታ ሕግ ይዛ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይታለች። ያ ሕግ ሲጻፍ ቤት የሚያትም ማሽን አልነበረም። አዲሱ ብሔራዊ የግንባታ ሕግ በ2024 ወጥቶ በ2025 ሥራ ላይ ውሏል፤ ከደሞዝ 1.5 በመቶ ለቤት ልማት እየተቆረጠ ለሚሠሩት ቤቶችም ይኸው ሕግ ነው ዳኛው። ሕግ ወጣ ማለት ግን ኢንስፔክተሩ ሳይት ደረሰ ማለት አይደለም። ሁሩማ ላይም ሕግ ነበር፣ ምልክትም ነበር።

ስለዚህ ናይሮቢ ላይ ቤት ለመግዛት እቁብ የምትጥሉ፣ አገር ቤት ለእናታችሁ ቤት የምታስጀምሩ ወገኖቼ፣ ቁሱ ድንጋይም ይሁን አፈር፣ ፎምም ይሁን ፕላስቲክ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ሳይቱ በር ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ፤ የኮንትራክተሩና የመሐንዲሱ ስም፣ ናይሮቢ ከሆነም የብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ምዝገባ ቁጥር ይጻፍበታል። የ28 ቀኑን የኪዩብ ውጤት ጠይቁ። ቁሱ አዲስ ከሆነ የደረጃ መሥሪያ ቤቱን ማረጋገጫና የእሳት ፈተናውን ጨምራችሁ ጠይቁ። ኮንትራክተሩ «ነገ አመጣዋለሁ» ካላችሁ፣ ገንዘቡንም ነገ አምጡለት።